የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና የጎንዮሽ ጉዳቶችና የታካሚው ዕለታዊ ኑሮ፦ ከሐይቅና ከአምባሰል አካባቢ አኗኗር አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ ሊድን የሚችል በሽታ ሆኗል። ይሁን እንጂ የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃት ታካሚው ሕክምናውን እንዳይጀምር ወይም በመካከል እንዲያቋርጥ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስለ መድኃኒቶቹ የተረጋገጠውን ዕውቀት በደቡብ ወሎ ዞን፣ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ካለው የጾም፣ የቡና፣ የጫትና የባህል ሕክምና ልማድ ጋር ያገናዝባል። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፦ በሕክምናው ወቅት ከሚሰሙት ምልክቶች ብዙዎቹ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከበሽታውና ከዕለታዊ ኑሮ የሚመነጩ በመሆናቸው፣ መታረም ያለበት በቅድሚያ የቀኑ ሥርዓት እንጂ የክኒኑ ቁጥር አይደለም።

ቁልፍ ቃላት፦ ሄፓታይተስ ሲ፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ጾም፣ የመድኃኒት መጋጨት፣ ሐይቅ፣ አምባሰል

1. መግቢያ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ስሟን በሰጣት ሐይቅ አጠገብ የተቆረቆረች የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ውጫሌ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶና ተዛምዶ ይኖራል። የዓመቱ ብዙ ቀናት በአንዱ ወይም በሌላው ወገን የጾም ቀናት ናቸው። ቡና ያለ ጎረቤት አይጠጣም፤ ጫትም ከዱዓ ስብሰባ ጀምሮ እስከ ሥራ ቦታ ድረስ ይዘልቃል። የሕመምተኛው ሕክምና የሚካሄደው በሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሳይሆን በዚህ ኑሮ መካከል ነው።

ሄፓታይተስ ሲ በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ነው። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ፣ ባልተመረመረ ደም፣ በጋራ በሚጠቀሙበት ምላጭና ስለት ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል። ሕዝቡ የጉበት በሽታን በአብዛኛው የሚያውቀው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ብሎ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ግን ዓይንን ሳያስለውጥ ለ20 እና ለ30 ዓመታት ጉበትን በዝግታ ሊያቆስል፣ በመጨረሻም ወደ ጉበት መጠንከር ወይም ወደ ጉበት ካንሰር ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሥር ከሰደደው ሄፓታይተስ ሲ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 242,000 ያህል ሰዎች በበሽታው ሕይወታቸውን አጥተዋል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው የቫይረሱ ዝርያ ዓይነት 4 ተብሎ የሚታወቀው ነው።

2. ከመርፌ ወደ ክኒን፦ ከአሮጌው ሕክምና የተወረሰ ፍርሃት

ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ለግኝቱ አስተዋጽኦ ያደረጉት ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ የ2020 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሕክምናው ኢንተርፌሮን በሚባል መርፌና ሪባቪሪን በሚባል ክኒን ላይ የተመሠረተ ነበር። ዓይነት 4 ቫይረስ ያለበት ሰው በተለምዶ 48 ሳምንት ይታከም ነበር። ኢንተርፌሮን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን፣ ከባድ ድካምን፣ የፀጉር መሳሳትን፣ የደም ሕዋሳት መቀነስን፣ አልፎም የመንፈስ ጭንቀትን ያስከትል ስለነበር፣ ሕክምናውን ከጀመሩት ብዙዎቹ መጨረስ ተስኗቸዋል። የመዳን ዕድሉም ከሁለት ሰው ለአንድ ያህል ብቻ ነበር።

ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሶፎስቡቪር የተባለው ክኒን ሥራ ላይ ሲውል ነገሩ ተለወጠ። በ2014 እ.ኤ.አ. የመድኃኒቱ ባለቤት ኩባንያ ለሕንድ አምራቾች በሰጠው ፈቃድ አማካይነት ዋጋው ለታዳጊ አገሮች ዝቅ ማለት ጀመረ። ዛሬ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከቬልፓታስቪር ጋር ተጣምሮ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። የሕክምናው ርዝመት ብዙውን ጊዜ 12 ሳምንት ሲሆን፣ እንደ ጉበቱ ሁኔታና እንደ መድኃኒቱ ዓይነት እስከ 24 ሳምንት ሊደርስ ይችላል። የመዳን ዕድሉም ከ100 ታካሚ ከ95 በላይ ነው።

ሕክምናው ቢለወጥም ስሙ ቶሎ አልተለወጠም። «የጉበት መድኃኒት ሰው ይጥላል» የሚለው ወሬ በአብዛኛው በኢንተርፌሮን ዘመን ከታየው ሥቃይ የተወረሰ ነው። ታካሚው ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ሕክምናዎች ልዩነት ሊብራራለት ይገባል፤ ጉዳት ጠብቆ የሚጀምር ሰው ትንሹን ራስ ምታት እንደ ትልቅ አደጋ ሊቆጥረው ይችላልና።

3. የተለመዱት ምልክቶችና እውነተኛ ምንጫቸው

በአዲሶቹ መድኃኒቶች ወቅት በብዛት የሚነገሩት ምልክቶች ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ምን ያህል ከመድኃኒቱ እንደሚመጡ ለማወቅ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ የሙከራ ጥናት ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በጥናቱ 624 ታካሚዎች ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ለ12 ሳምንት ሲወስዱ፣ ሌሎች 116 ታካሚዎች ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ወስደዋል። ማንኛውም ዓይነት የጤና እክል የተሰማቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 78 በመቶ፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 77 በመቶ ነበሩ። ራስ ምታት በ29 እና በ28 በመቶ፣ ድካም ደግሞ በሁለቱም ወገን በ20 በመቶ ታይቷል። መድኃኒቱን ከወሰዱት 99 በመቶ ያህሉ ድነዋል።

የእነዚህ ቁጥሮች ትርጉም ምልክቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ታካሚው ራሱን በእርግጥ ያመዋል፤ በእርግጥም ይደክመዋል። ትርጉሙ፣ ክኒኑ ባይኖርም ያው ራስ ምታትና ያው ድካም ሊኖር ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ክኒኑን መተው ምልክቱን አያስወግድም፤ የሚያስወግደው የመዳንን ዕድል ነው። ራሱ ሄፓታይተስ ሲ ድካም ያስከትላል። የውኃ ጥም፣ ባዶ ሆድ፣ የእንቅልፍ ማነስና የሥራ ብዛትም እንዲሁ።

በሐይቅ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በከተማዋ የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። የአንጀት ቢልሃርዝያ የሆድ ሕመምንና ተቅማጥን ከማስከተሉም በላይ ጉበትንና ጣፊያን ይጎዳል። ከሐይቁና ከወንዞቹ ውኃ ጋር የሚውል ዓሣ አጥማጅ ወይም መስኖ ገበሬ የሆድ ሕመም ሲሰማው፣ ጥፋቱን ለክኒኑ ከመስጠት በፊት የሰገራ ምርመራ ማድረጉ ተገቢ ነው።

4. የቀኑ ሥርዓት፦ ጾም፣ ቡናና ጫት

ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰዱ ይችላሉ፤ የሚወሰዱትም በቀን አንድ ጊዜ ነው። ይህ ለጾመኛ ታካሚ ትልቅ እፎይታ ነው። በረመዳን የሚጾም ሰው ክኒኑን በማፍጠሪያ ሰዓት፣ ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ወይም ማታ ሊወስደው ይችላል። ዋናው ነገር የተመረጠው ሰዓት በየቀኑ ያው መሆኑ ነው። ሕክምናው የሚጀመርበት ጊዜ ከጾሙ ወር ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከምሽት ጋር ማያያዝ በኋላ ከመለዋወጥ ያድናል።

ምግብ ግዴታ ባይሆንም የሚያቅለሸልሸውን ሰው ይረዳል። አጥሚት፣ ገንፎ ወይም ቅባትና በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ፣ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመብላት ይሻላል። በጾም ወቅት የሚመጣ ራስ ምታት ብዙ ጊዜ የውኃ ማነስ ምልክት ነው፤ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓትና ከመኝታ በፊት በቂ ውኃ መጠጣት ያስታግሠዋል። ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ፣ ስኳር ያለበት ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ታካሚ ግን ስለ ጾሙ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር መመካከር ይኖርበታል። በሁለቱም ሃይማኖት ለሕሙማን የሚደረግ ማቅለያ አለ።

ቡናን በሚመለከት ታካሚው የጎረቤትን ጥሪ እንዲተው የሚያስገድደው ምክንያት የለም። እንዲያውም በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት በዝግታ እንደሚጠነክር አመልክተዋል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ ተከትለው ከምሽት በኋላ ሲጠጡ እንቅልፍ ይሸሻል፤ በማግስቱ የሚመጣው ድካምም ለመድኃኒቱ ይቆጠራል። የማታውን ቡና ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻውን የአንዳንዱን ታካሚ እንቅልፍ ሊመልስ ይችላል።

ጫት ግን የተለየ ነው። ጫት እንቅልፍን ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከበረቃ በኋላም የሚመጣው መዛልና መከፋት የጎንዮሽ ጉዳት ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ከዚህም በላይ በሐረር ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በዱዓ ቤት ከሰው መቀመጥና ጫቱን መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ታካሚው ቢያንስ ለሕክምናው ወራት ቡናውን ይዞ ጫቱን እንዲተው መምከር ከማኅበራዊ ኑሮው ሳይለየው ጉበቱን ያሳርፋል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም በዚሁ ምክር ሥር ይገባሉ።

5. እውነተኛው አደጋ፦ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨት

የአዲሶቹ ክኒኖች ትልቁ ችግር በራሳቸው የሚያስከትሉት ጉዳት ሳይሆን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መጋጨታቸው ነው። የመጀመሪያው ምሳሌ የጨጓራ መድኃኒት ነው። ቬልፓታስቪር በደንብ የሚሟሟው በጨጓራ አሲድ ውስጥ ነው። ታካሚው ማቅለሽለሹን ለማስታገሥ ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ገዝቶ ቢወስድ፣ ትንሹን ምልክት ለማከም ብሎ ዋናውን ሕክምና ሊያዳክም ይችላል። አሲድ የሚያበርደው የሚታኘክ ክኒን ወይም ፈሳሽም ከቬልፓታስቪር ጋር ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። ዳክላታስቪር ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛው ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ናቸው። እነዚህ የሄፓታይተሱን መድኃኒት ከደም ውስጥ በፍጥነት ያስወግዱታል፤ ታካሚው አንድ ቀን ሳያሳልፍ እየወሰደም ላይድን ይችላል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዓይነቱን መናገር አለበት። ዶሉቴግራቪር ከእነዚህ ክኒኖች ጋር ሲስማማ፣ ኢፋቪሬንዝ ግን የዳክላታስቪርን መጠን ከ60 ወደ 90 ሚሊ ግራም ማሳደግን ይጠይቃል፤ ከቬልፓታስቪር ጋርም አይመከርም። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ከሶፎስቡቪር ጋር ሲገናኝ የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚያዘገይ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ቫይረሱ ሲጠፋ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል መለኪያውን ማዘውተር ይኖርበታል።

ለራስ ምታትና ለቁርጥማት በቀላሉ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጉበቱ ለጠነከረ ታካሚ የኩላሊት ጉዳትና የደም መፍሰስ ሊያመጡ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ፓራሲታሞል የተሻለ ነው፤ ሆኖም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 ግራም፣ ማለትም ከ4 ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒኖች፣ መብለጥ የለበትም።

«ለወፍ በሽታ» የሚሰጡ የዕፅዋት መድኃኒቶች ይዘታቸውና መጠናቸው ስለማይታወቅ፣ አንዳንድ ዕፅዋትም ራሳቸው ጉበትን ስለሚጎዱ፣ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ቢቆዩ ይመረጣል። ጠበል በሌላ ወገን የሚታይ ነው፤ ክኒኑን አይጋፋም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፤ ያው መንገድ ለዚህም ሕክምና ይሠራል። ጉዳት የሚመጣው ታካሚው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ሲገደድ ነው።

6. ሪባቪሪን ሲጨመር

ጉበታቸው በጣም ለተጎዳ ወይም ቀድሞ ታክመው ላልዳኑ ሰዎች ሐኪሙ ሪባቪሪን ሊጨምር ይችላል። በዚህ ጊዜ እውነተኛ የጎንዮሽ ጉዳት ይጠበቃል። ሪባቪሪን ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚሰብር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ደም ማነስ ይከሰታል። የአምባሰልን አቀበት ለለመደ ገበሬ የመጀመሪያው ምልክት በለመደው ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ሊሆን ይችላል። በየጊዜው የደም ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ሄሞግሎቢን ከ10 ግራም በታች ሲወርድ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፤ ከ8.5 በታች ሲሆን ሪባቪሪኑን ያቆማል። ውሳኔው የሐኪሙ እንጂ የታካሚው አይደለም። ሪባቪሪን ቢቀነስም ሌሎቹ ክኒኖች ይቀጥላሉ።

ሪባቪሪን በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር የሚወሰድ በመሆኑ በረመዳን ማፍጠሪያውንና ሱሁሩን መከተል ይችላል። የቆዳ መድረቅና ማሳከክ ሲመጣ ለብ ባለ ውኃ መታጠብና ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ከሁሉ በላይ ሪባቪሪን ፅንስን ይጎዳል። ታካሚዋ ሴትም ሆነች የታካሚው ሚስት፣ በሕክምናው ወቅትና ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወራት እርግዝና እንዳይፈጠር አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋል። ይህ ምክር ለባልና ለሚስት በአንድነት ቢሰጥ ይመረጣል።

7. የማይታገሡት ምልክቶች

እስካሁን የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ምልክቶች በትዕግሥትና በጥንቃቄ ያልፋሉ። ጥቂቶቹ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው፦ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ መምሰል፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የሆድ መነፋት፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ፣ የአእምሮ መደናገር፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመምና በዕረፍት ጊዜ ትንፋሽ ማጠር።

ከእነዚህ ውስጥ የዓይን ቢጫ መሆን የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢ ከሄፓታይተስ ሲ ይበልጥ የተስፋፋ ነው። ሁለቱም ቫይረሶች ባሉበት ሰው፣ ሲ ሲጠፋ ተዳፍኖ የነበረው ቢ እንደገና ሊነሣ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ የተጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሄፓታይተስ ቢ ከሕክምናው በፊት መመርመሩ ስለዚህ ቅንጦት አይደለም።

8. ርቀትና የመድኃኒት መቋረጥ

ከአውራ ጎዳናው ርቀው በሚገኙ የአምባሰል ቀበሌዎች ለሚኖር ሰው ደሴ ድረስ መመላለስ የቀን ሥራና የትራንስፖርት ገንዘብ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ያ ጊዜ ሕክምና ሊቋረጥ የሚችለው በታካሚው ፈቃድ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። ለ12 ሳምንት የሚበቃው ክኒን መገኘቱን አስቀድሞ ማረጋገጥና፣ ሁኔታው ሲፈቅድ የሁለት ወይም የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ መስጠት፣ ከብዙ ምክር የበለጠ ይጠቅማል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ምልክቶቹን በቅርብ ለመከታተል ይችላሉ።

አንድ ቀን ተረስቶ ቢያልፍ ሶፎስቡቪር ከተለመደው ሰዓት 18 ሰዓት ሳይሞላ ከተገኘ ይወሰዳል፤ ካለፈ ግን በሚቀጥለው ቀን በሰዓቱ አንድ ክኒን ብቻ ይወሰዳል። የተረሳውን ለማካካስ ሁለት መዋጥ ክልክል ነው።

9. ማጠቃለያ

የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና በአሁኑ ጊዜ የሚጠይቀው ሥቃይን የመቻል ጥንካሬ ሳይሆን ሥርዓትን የመጠበቅ ጽናት ነው። ታካሚው ራስ ምታት ሲሰማው መጀመሪያ ውኃውን፣ ድካም ሲሰማው እንቅልፉንና ጫቱን፣ ማቅለሽለሽ ሲሰማው የምግብ ሰዓቱን ይመርምር። አዲስ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ይጠይቅ፤ የአደጋ ምልክት ሲያይ አይዘግይ፤ ያለ ሐኪም ቃል ክኒኑን አያቋርጥ። የሕክምና ባለሙያው በበኩሉ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «መቼ ትጾማለህ? ቡናህን በስንት ሰዓት ትጠጣለህ? ምን ያህል መንገድ ተጉዘህ መጣህ?» የሚሉትን ሊጨምር ይገባል። የመዳን ማረጋገጫው የመጨረሻው ክኒን አይደለም፤ ከዚያ 12 ሳምንት በኋላ የሚደረገውና ቫይረሱ በደም ውስጥ አለመኖሩን የሚያሳየው ምርመራ ነው። የሐይቅና የአምባሰል ታካሚ ለዚያ ቀን ደግሞ እንዲመለስ፣ ቀጠሮው ገና ሕክምናው ሲጀመር ሊጻፍለት ይገባል።